ከቀዩ በር ወዲህ

ወር በገባ ቁጥር ኪኑዮ ምራቷንና የልጅ ልጇን አስከትላ ወደ ሰፈሩ መቅደስ ትወጣለች። ልጇ ዮሺሮ ባለፈው መኸር ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ አልተመለሰም። ጀልባው ተገልብጦ ተገኘ፤ እሱ ግን አልተገኘም። አስከሬን ስለሌለ ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ኪኑዮንም ደፍሮ ያጽናሽ ያላት ሰው የለም።

ሐዘን የገባበት ቤት ሰው ሐዘኑ እስኪወጣ ድረስ በመቅደሱ ቀይ በር ስር አያልፍም። ኪኑዮ ግን ታልፋለች። ባለፈች ቁጥር ልጇ በሕይወት አለ ማለት ነው።

ዛሬም ዳገቱን ወጥተው ከበሩ ግራና ቀኝ ወደቆሙት ሁለት የድንጋይ ውሾች ሲቃረቡ ትንሿ ኮሃሩ ወሬዋን አላቋረጠችም።

"አያቴ፣ የድንጋዩ ውሻ አፉን የከፈተው ርቦት ነው?"

"አንቺን አይቶ ነው። እንዳንቺ የሚለፈልፍ አጋጥሞት አያውቅም።"

"ያኛው ግን ዘግቷል።"

"እሱ ጨዋ ነው።"

ኪኑዮ ከበሩ ፊት እጅ ነስታ ገባች፤ ኮሃሩም እንደሷ አድርጋ ተከተለች። እጅ መታጠቢያው ገንዳ ጋ ደርሳ ጭልፋውን ስታነሳ የምራቷ ኮቴ እንደማይሰማ ታወቃት። ዞር አለች። ሪትሱኮ ከበሩ ውጭ ቆማለች።

"ምነው፣ ጫማሽ ውስጥ ጠጠር ገባ?"

"አይ፣ እማማ።"

"ታዲያ ነይ እንጂ። በዚህ ብርድ አታስጠብቂን።"

"እኔ እዚሁ ልቁም። እናንተ ጨርሱ።"

"አመመሽ?"

ሪትሱኮ የምትሠራበትን የዓሣ ፋብሪካ ቦት ጫማ እንዳደረገች ነው። ዓይኗን ከጫማው ላይ አላነሳችም።

"ትናንት የዮሺሮን ልብሶች አጠብኳቸው" አለች። "ሽታው እንዳይጠፋ ብዬ ያስቀመጥኳቸውን። ሻግተው ነበር። ከእንግዲህ በዚህ በር ማለፍ አልችልም፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።"

አንቺ ማን ነሽና ትቀብሪዋለሽ የሚለው ቃል የኪኑዮ አፍ ላይ ደረሰ። ኮሃሩ ግን ሌላ ጭልፋ ይዛ ሁለቱንም ታያለች።

"እማዬ ለምን አትገባም?"

"ደክሟት ነው። ነይ።"

ሳንቲም ጣሉ። ኪኑዮ የደወሉን ገመድ ወዘወዘች፤ ሁለት ጊዜ አጎነበሰች፤ ሁለት ጊዜ አጨበጨበች። ወትሮ ከዚያ ልጄን መልስልኝ ትል ነበር። ዛሬ ቃሉ አልመጣም። እጆቿን አጋጥማ ዓይኗን ስትጨፍን የሚታያት ገመድ ላይ የተሰጣ ባዶ ሸሚዝ ብቻ ነው።

"አባዬ ቶሎ ይምጣ" አለች ኮሃሩ ጮክ ብላ። "አንቺስ ምን አልሽ፣ አያቴ?"

"ያንቺኑ።"

ሲመለሱ ልጅቷ በበሩ ስር ወደ እናቷ ሮጠች። ኪኑዮ ጥቂት ሲቀራት ቆመች። ቀይ ምሰሶዎቹን አየች። ከጎን፣ በሩን ዞሮ የሚወርድ፣ ግቢውን የሚጠርጉ ሰዎች የሚመላለሱበት፣ የረጠበ ቅጠል የሸፈነው ቀጭን መንገድ አለ። ወደዚያ ታጠፈች።

ሪትሱኮ አየቻት። አማቷን እንዳያዳልጣት ወደ ጭቃው ገብታ እጇን ዘረጋችላት።

ኪኑዮ የተዘረጋላትን እጅ ይዛ ወረደች።

"ጫማዬን አበላሸሁት" አለች።

እስከ ቤት ድረስ ኮሃሩ ብቻ ታወራ ነበር።