ቫልዶራ ሦስት ወይስ አምስት

ተድላ ቅናት እንደያዘው የገባው፣ ጃለታ «ሦስት ጥሩ ነው፤ አምስት ግን ይበልጣል» ያለ ቀን ነው።

ነገሩ ለሚሰማው ሰው የልጆች ወሬ ይመስላል። ቫልዶራ ብዙ ክፍል ያለው የጀብዱ ጌም ነው። አንድ መንገደኛ በፈረስና በጀልባ አገር ለአገር እየዞረ የጠፋ ወንድሙን ይፈልጋል። አምስት ክፍል ወጥቶ ወንድምየው ገና አልተገኘም። ሰበታ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው የዱባለ ጌም ቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰቡት ሰዎች ከአምስቱ የትኛው እንደሚበልጥ ሲከራከሩ ዓመታት አልፈዋል። ባለቤቱ ዱባለ «የመጀመሪያውን የሚያህል የለም» ይላል። ጎረቤቱ ወንዲ፣ ውጊያ ስለሚወድ፣ በአራተኛው አይደራደርም። ተድላና ጃለታ ግን ሁልጊዜ ለሦስተኛው አንድ ላይ ነበሩ።

ጃለታ ዓይነ ስውር ነው። በልጅነቱ ለትምህርት ሰበታ መጥቶ እዚያው ቀረ፤ አሁን የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ጌሙ ውስጥ የሚነገረውን ራሱ ይሰማል። የቀረውን፣ ሰማዩን፣ መንገዱን፣ የሰዎቹን ፊት፣ ተድላ ጆይስቲኩን ይዞ እየተጫወተ ይነግረዋል። ስድስት ዓመት እንዲህ ቆዩ። ተድላ ፋብሪካ ውስጥ የፈትል ማሽን ጠጋኝ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቢናገርም ድምፁን ማሽኑ ይውጠዋል። ቅዳሜ ግን ከአፉ የሚወጣውን የሚጠብቅ አንድ ሰው ነበረው።

ከዚያ ሐኒ መጣች። ቡራዩ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ቫልዶራን የሚጫወቱ ሰዎች እንዳሉ በቴሌግራም ሰምታ ነው የመጣችው። ተድላ ሁለት ወር ሙሉ የቅዳሜ ፈረቃ ተመድቦ ሲቀር፣ አምስተኛውን እየተጫወተች ለጃለታ የነገረችው እሷ ሆነች።

«ምኑ ነው የሚበልጠው?» አለ ተድላ ያን ቀን። «አምስት እኮ ታሪክ የለውም። ጀልባ ላይ ተቀምጦ መሄድ ብቻ ነው።»

«ዝናቡ አለ» አለ ጃለታ። «ሐኒ መጀመሪያ ነጠብጣቡ ውሃው ላይ የሚሠራውን ክብ ነገረችኝ። ከዚያ ዝም አለች። ዝናቡን ራሴ ሰማሁት።»

ተድላ ሲነግረው አንድም ቀን ዝም ብሎ አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ ሐኒ ምንም ብታደርግ አልጥመው አለች። «ለጌም ብሎ ከቡራዩ ድረስ ታክሲ እየቀያየረ የሚመጣ ሰው አለ?» ብሎ ወንዲን ጠየቀው። ወንዲ ሳቀበት፤ «አንተስ የፋብሪካውን ጥጥ ከፀጉርህ ላይ ሳታራግፍ ትመጣ የለ?» አለው። ተድላ አልሳቀም። ቤቱ ገብቶ አምስተኛውን ብቻውን ከዳር እስከ ዳር ተጫወተና እንከኖቹን ወረቀት ላይ ጻፈ። አሥራ አንድ ሆኑለት። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉም በተሰበሰቡበት አንድ በአንድ አነበበላቸው።

ሐኒ ከአሥራ አንዱ ዘጠኙን «ልክ ነህ» አለች። ይሄ ደግሞ ይብሱን አበሳጨው።

ጃለታ ወዳጁ መከፋቱ ስለገባው ሊያስታርቅ ፈለገ። «ሦስትም ቢሆን የዋዛ አይደለም» አለ። «ያቺ ድዳ ሴትዮ አለች፤ ጉድጓዱ አጠገብ ፋኖስ ይዛ የምትቆመው። መንገደኛው ባለፈ ቁጥር ከፍ አድርጋ የምታበራለት።»

«የቷ ሴትዮ?» አለ ወንዲ።

ተድላ ወረቀቱን አጣጠፈው። እንዲህ ያለች ሴት ጌሙ ውስጥ የለችም። ከዓመታት በፊት ሦስተኛውን ሲጫወቱ፣ ማለቂያ የሌለው የፈረስ መንገድ ላይ ጃለታ ሲያዛጋ አየና እሷን ከራሱ ፈጠረለት። ድምፅ እንዳይፈለግባት ድዳ አደረጋት።

«እኔም አላየኋትም» አለ ዱባለ።

ሐኒ ተድላን አየችው። ሦስተኛውን አራት ጊዜ ጨርሳዋለች፤ እያንዳንዱን ድንጋይ ታውቃለች። «አለች» አለች። «ከድልድዩ በኋላ በግራ ለሄደ ሰው ናት። ብዙ ሰው ያልፋታል።»

ወንዲ «እሞክረዋለሁ» አለና ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ተድላ ማመስገን ሲገባው ውስጡ ነደደ። መንገሩን ወሰደችበት፤ አሁን ደግሞ ገመናውን ሸፈነችለት።

ማምሻውን ጃለታ እንደ ወትሮው የተድላን ክንድ ይዞ ወደ አስፋልቱ ወጡ። ትንሽ እንደሄዱ ጃለታ «ሐኒ ደግ ልጅ ናት» አለ።

«እንዴት?»

«ዋሸችልሃ።»

ተድላ ቆመ። ከኋላቸው የሚመጣ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋባቸውና ዳር ያዙ። «መቼ ነው ያወቅኸው?»

«የዚያኑ ቀን። ጌሙ ውስጥ ድመት እንኳ ጠጠር ስትረግጥ ይሰማል። ያንተ ሴትዮ እግር አልነበራትም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

«ደስ ብሎኛላ። እንዳይሰለቸኝ ብሎ ሰው የፈጠረልኝ ካንተ ሌላ የለም።»

«እንግዲያው ሦስት ይበልጣል በለኛ።»

ጃለታ ሳቀ። «ዱጋ ልንገርህ፣ እውነቱን። ሦስት ላይ የሰማሁት አንተን ነው። አምስት ላይ ጌሙን ሰማሁት።» ከዚያ ጨመረ፦ «ስድስት ሲወጣ አንተ ተጫወት፤ እሷ ትንገረኝ። እጅህን የሚያህል የለም።»

ተድላ ቤቱ በር ድረስ አደረሰውና ደኅና እደር ሳይለው ተመለሰ። ሦስት ቅዳሜ ከጌም ቤቱ ቀረ። ጃለታ ሲደውል «አካም ጅርታ?» ይለዋል፤ ተድላም ደኅና ነኝ፣ ሥራ በዛብኝ ይላል። ስድስተኛው መውጣቱን ከቴሌግራም ሰማ እንጂ አልከፈተውም።

በአራተኛው ቅዳሜ የደወለችው ሐኒ ነበረች። «ስድስት ላይ ያለውን ገደል መሻገር አቃተኝ» አለች። «አሥራ አራት ጊዜ ወደቅን። ጃለታ የመንገደኛውን ጩኸት ሸምድዶታል። ና እባክህ።»

ሊቀር አሰበ፤ ጫማውን አጥልቆ ግን ወጣ።

ጆይስቲኩን ያዘ። በሁለተኛው ሙከራ ገደሉን ተሻገረው። ሐኒ ከጃለታ ጎን ተቀምጣ ትናገራለች፤ ስለ ድንጋዩ ቀለም፣ ጥላው በየት በኩል እንደወደቀ። ከዚያ ዝም ትላለች፤ ነፋሱ ይሰማል። ተድላ ስድስት ዓመት ሲጫወት የጌሙን ነፋስ ሰምቶት አያውቅም ነበር። ጥሩ ትናገራለች። ይህን ለራሱ ማመን ጥርስ የማስነቀል ያህል አመመው።

«ፈረሱን ቀስ አድርገው» አለችው አንድ ቦታ ላይ፤ «ልንገረው።» ቀስ አደረገው።

ሲወጡ ጃለታ ከሐኒ ጋር እየሳቀ ያወራ ስለነበር የእሷን ክንድ ይዞ ወደ መናኸሪያው ሄደ። ተድላ የጃለታን ቦርሳ ተሸክሞ ሁለት እርምጃ ከኋላቸው ተከተለ። ሐኒ ታክሲ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ዞር ብላ «ለእኔ እስካሁን ከአምስት ስድስት ይሻላል፤ አንተስ?» አለችው።

«ገና ነው» አላት። «ሳይጨርሱ አይፈረድም።»

ቅናቱ ለቀቀው ማለት ውሸት ነው። ግን በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣ፤ ከሁሉም ቀድሞ።