በእግር የሚከፈት ውሃ

ሾፌሩን ሰፈሩ ሁሉ «ፍሬን» ይለዋል። ሠላሳ ስምንት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ አንዲት ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም፤ ዶሮዋ ገና ከቤቷ ሳትወጣ እሱ ፍሬን ይዟላ። «የቸኮለ በእግሩ ይሂድ፣ ያልቸኮለ ከፍሬን ጋር ይሳፈር» ይላሉ ተሳፋሪዎቹ። እሱ ይስቃል እንጂ አይቀየምም። ከሰው ተጣልቶ፣ በዕቃ ዋጋ ተከራክሮ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያየው ሰው የለም። ይህ አስቀድሞ ካልተነገረ፣ ያን ቀን በሦስት ሱቅ ሦስት ሻጭ ማስቀየሙን የሚያምን አይገኝም።

ሱቅ ለሱቅ ያዞረው የሚስቱ ነገር ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የግማሹን ሰፈር ልጆች የትምህርት ቤት ልብስ የሰፋች፣ ዓይኗን ጨፍና ክር በመርፌ የምታስገባ ሴት። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። መጀመሪያ መርፌው ከእጇ ወደቀ፤ ቀጥሎ መቀሱ። ከዚያ የራሷን ሸሚዝ መቆለፍ አቃታት። ሐኪሙ «ነርቭ ነው» አለና መድኃኒት አዘዘላት፤ መድኃኒቱ እንቅልፍ ከማብዛት በቀር የፈየደላት ነገር የለም።

ከወር በፊት ደግሞ አንድ ጉድ መጣ። ባሏ ሥራ ላይ ሳለ የወጥ ቤቱን ቧንቧ በክንዷ ገፍታ ከፈተችው፤ መዝጋቱ ግን አልሆን አላት። በክንዷ ሞከረች፣ በአገጯ ሞከረች፣ በማማሰያ ታገለችው። ውሃው ሲንኩን ሞልቶ፣ ወለሉን አጥለቅልቆ፣ በታችኛዋ ጎረቤት ኮርኒስ በኩል ወረደ። ጎረቤቲቱ እየሮጠች መጥታ በሩን ስትደበድብ፣ ሚስትየው የበሩን ቁልፍ ማዞርም አልቻለችም። «ቆይ መጣሁ፣ ቆይ መጣሁ» እያለች ከውስጥና ከውጭ ሆነው ሲነጋገሩ የጎረቤቲቱ ፍራሽ በሰበሰ።

ልጃቸው ይህን ሰምታ ከሩቅ ከተማ መጣች። እንደ እናቷ ቆራጥ ናት፤ ነገር ማሽሞንሞን አትወድም። «እማዬ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ነው የምትውለው። ውሃ ከፍታ መዝጋት ካቃታት ከእኔ ጋር ትሂድ፤ እኔ ሥራዬን እዚያው ቤቴ ነው የምሠራው» አለች። የልጅቷ ቤት አንዲት ክፍል ናት። ለእናቷ ከራሷ አልጋ ጎን የምትዘረጋው ፍራሽ አላት፤ ለአባቷ ግን ቦታ የላትም። እሱም ጡረታው ሊደርስ ሁለት ዓመት ሲቀረው አውቶቡሱን ጥሎ የትም አይሄድም። እናም ነገሩ ሁለት ዓመት መለያየት ነበር። አርባ ዓመት በአንድ ትራስ ላደሩ ሰዎች፣ ያውም አንደኛዋ በየወሩ አንድ ነገር እየጎደለባት፣ ሁለት ዓመት ሲሉት ቀላል አይደለም።

ያኔ ነው ባልየው በእግር ተረግጦ የሚከፈት ቧንቧ መኖሩን አስታውሶ ከመቀመጫው ብድግ ያለው። የአውቶቡስ ጋራዡ አጠገብ ያለው ክሊኒክ ውስጥ አይቶታል። «እግሯ እኮ ደህና ነው! ይሄ እግር ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና ረግጧል፤ ውሃ መክፈት ያቅተዋል? እግዜር ሳይደግስ አይጣላም!» አለ። ልጅቷም አሰበችና «እሺ፣ እግሯ ደህና ስለሆነ ይሁን። ካልሆነ ግን በወሩ መጨረሻ መጥቼ እወስዳታለሁ» ብላ ሄደች።

እግሯ ግን ደህና አልነበረም።

ይህን የሚያውቁት እሷና ግድግዳው ብቻ ናቸው። ባሏ ሲወጣ ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች፤ ሲገባ አስቀድማ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። እግሯ መሬት መንካቱን ካላየችው አታውቀውም። ሐኪሙ «ወደ እግር ከወረደ ብቻዎን አይዋሉ» ሲላት ባሏ መድኃኒት ቤት ሰልፍ ላይ ነበር፤ ሲመለስም አልነገረችውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። መድኃኒት የሌለው በሽታ ቢደበቅስ ምን ይጎድላል ብላ ራሷን አጽናናች።

በባሏ የእረፍት ቀን፣ ጠዋት፣ የቧንቧ ዕቃ ወደሚሸጥበት መንገድ ሄዱ። እሷ በልቧ አንድ ነገር ትለምን ነበር፤ ድመት ብትረግጠው የሚከፈት ቀላል ፔዳል እንዲገኝ።

የመጀመሪያው ሱቅ ሻጭ ምላሱ የቀለለ ወጣት ነው። ሁለት ፔዳሎች ጣውላ ላይ አስሮ ከጀሪካን ውሃ ጋር አያይዟቸዋል። «አባባ፣ ይሄኛው ረግጠው እስከያዙት ድረስ ነው የሚፈሰው። ያኛው አንዴ ሲረግጡት ይከፍታል፣ ሁለተኛ ሲረግጡት ይዘጋል» አለ። ባልየው ዓይኑ በራ። ፔዳል ማለት የእሱ ነገር ነው። የግራ እግሩን አሳርፎ፣ ቀስ ብሎ ለቀቀ፤ ደገመው።

«ይሄ እንደ አውቶቡሴ ፍሪሲዮን ጠለቅ ይላል፣ ያኛው ግን እንደ ነዳጅ መስጫ ነው፤ ለስለስ ያለ። ነይ እስቲ እናት ዓለም፣ ሞክሪው።»

እናት ዓለም ባንኮኒውን በክርኗ ተደግፋ ቀረበች። እግሯን እያየች አነሳችው፤ እያየች ፔዳሉ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ረገጠች። እሷ ረግጣለች፤ ፔዳሉ ግን አልሰማም። ጀርባዋን ላብ አጠመቀው።

«ጫን ይበሉት እንጂ እማማ» አለ ልጁ።

«ጫማዬ ነው መሰለኝ» አለች።

ባልየው አንዴ እግሯን፣ አንዴ ፊቷን አየ። ከዚያ ያልተጠበቀ ነገር ተናገረ። «ይሄ ፔዳል ነው? ስፕሪንጉ እኮ የዛገ ነው!»

«አባባ፣ ትናንት ከካርቶን የወጣ ነው!»

«ትናንት ከባሕር የወጣ ነው የሚመስለው። ነይ እንሂድ።»

ወጣቱ አፉን ከፍቶ ቀረ። እሷ ግን መንገድ ላይ እፎይ አለች። ጥፋቱ የዕቃው መስሎታል፤ አልገባውም ብላ ነው። ክንዱን ያዘች፤ ትንሽ ከበድ ብላ።

ሁለተኛው ሱቅ የአንዲት ረጋ ያሉ ወይዘሮ ነው። ወንበር ሰጧትና ከቤቱ ቀላል የተባለውን ፔዳል ራሳቸው እግሯ ሥር አስጠጉላት። እሷ ተቀምጣ ረገጠችው። ሁለት ጠብታ ወጣ፤ ሦስተኛው አልመጣም።

«እጅ ሲጠጋ ራሱ የሚከፈትም አለ» አሉ ወይዘሮዋ በደግነት። «በባትሪ ነው የሚሠራው።»

«ባትሪው ሲያልቅስ ውሃ ሊጠማት ነው?»

«ባትሪው እኮ ይቀየራል አባቴ። ቆይ ላምጣና ይዩት።»

ወይዘሮዋ ወደ ጓዳ ገቡ። ባልየው ሚስቱ ወደ ጎዳናው የምታይ መስሎታል፤ እሷ ግን በበሩ መስታወት ውስጥ እሱን ታየዋለች። ጎንበስ አለና ያን ፔዳል በትንሿ ጣቱ ነካ አደረገው። ውሃው ፏ ብሎ ወረደ። ለቀቀው። እንደገና በትንሿ ጣቱ ነካው፤ እንደገና ወረደ። እዚያው እንደ ጎነበሰ ውሃውን እያየ ቆየ። ወይዘሮዋ ሲመለሱ ቀና አለና፣ ሱቁን በሚሞላ ድምፅ፣ «ይሄን የሚረግጠው በሬ ነው! ሰው አይደለም!» አለ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ያኔ ገባት። አውቋል። ምናልባት ከመጀመሪያው ሱቅ ጀምሮ አውቋል። ባትሪ ያለውን ያልገዛውም ለዚህ ነው፤ ውሃ የሚከፈትበት መላ አይጠፋም፣ ጥያቄው የቧንቧ አልነበረም። ጣት የሚያስጎነብሰውን ፔዳል መርገጥ ያቃተው እግር፣ ምድጃ አጠገብም ሆነ መታጠቢያ ቤት ሰው አይሸከምም። ፔዳሉ ጥሩ ነው ካለ እግሯ መጥፎ ሊሆን ነው። ስለዚህ ፔዳሉን ሰደበው።

ሦስተኛው ሱቅ ሲገቡ እሷ ሳትነካው መስደብ ጀመረ።

«ኧረ አባባ፣ ሳይሞክሩት?» አለ ሻጩ።

«ሲያዩት ያስታውቃል!»

ግንባሩ በላብ ርሷል። ሻጩ በሰዎች ፊት «ሽማግሌው ምን ነካቸው?» ሲል ሰማችው። ለማንም ክፉ ተናግሮ የማያውቅ ሰው፣ በስተርጅና በእሷ እግር ምክንያት አመለ ቢስ ተባለ። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሙሉ ክብደቷን ክንዱ ላይ ጣለች። መደበቁ አከተመ፤ ግን አንዳቸውም አላነሱትም።

«ደከመህ አይደል?» አለችው።

«እኔ? እኔን ያደከመኝ የሚሸጡት ዕቃ ነው። ድሮ እንዲህ ያለ ዕቃ ነበር?»

ደረጃውን በየሁለት እርከኑ እያረፉ ወጡት። ውሃ ቀድቶ አጠጣት፤ ብርጭቆውን ራሱ አጠበው። ከዚያ ስልኩ ጮኸ። ልጃቸው ናት። እንደ ወትሮው ለሁለቱም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«አባዬ፣ አገኛችሁ?»

«ዛሬ አላገኘንም። ዕቃው ሁሉ የማይረባ ነው። ከገበያው ጀርባ አንድ ሱቅ አለ አሉ፤ በሚቀጥለው እረፍቴ እንሄዳለን።»

«ወሩ እኮ እያለቀ ነው አባዬ። እማዬስ ሞከረችው? እግሯ እንዴት ነው?»

«እግሯማ ብረት ነው! ዕቃው ነው እንጂ እናትሽ ምን ሆነች!»

ውሸት አልለመደም፤ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት የለበሰ ይመስል ነበር። እሷ አየችው። የሚቀጥለው እረፍት ይመጣል፤ አራተኛ ሱቅ ገብቶ ይሳደባል፤ ከዚያ አምስተኛ ይፈልጋል። በመካከሉ ባሉት ቀናት ሁሉ፣ መሪ ጨብጦ፣ እሷ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተዘርራ እየታየችው ይነዳል። እሷ ልትለየው አትፈልግም፤ በዓለም ላይ የቀራት ምኞት እሱ ማታ በሩን ከፍቶ ሲገባ ማየት ነው። ግን ይህን ሰው በዚህ ዓይነት ማኖርም ግፍ ሆነባት።

«ልጄ» አለች።

«ወዬ እማዬ።»

«ዕቃው ደህና ነው። ሦስቱም ደህና ነበሩ። እግሬ ነው።»

ባልየው ስልኩን ሊዘጋ እጁን ዘረጋና መሀል መንገድ ላይ ተወው።

«ከመቼ ጀምሮ እማዬ?»

«ከቆየ። አባትሽ አያውቅም ነበር። እኔ ነኝ የደበቅኩት።»

ልጅቷ ስታለቅስ ተሰማ፤ ቆራጥነቷ የት እንደ ገባ እንጃ። «ነገ ልምጣ?» አለች።

«ነይ። ሸሚዝ መቆለፍ እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ ቁልፍ የሌለው ቀሚስ ካለሽ ይዘሽልኝ ነይ።»

ስልኩ ተዘጋ። ባልየው ጠረጴዛውን በመዳፉ ደጋግሞ ጠረገው፤ ጠረጴዛው ላይ ምንም አልነበረም። እንባው ጺሙ ውስጥ ገባ። ልትጠርግለት ፈለገች፤ ጣቶቿ አልተዘረጉም፤ የእጅ አንጓዋን ጉንጩ ላይ አስደገፈችለት። እሱም በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘው።

«ምን አስቸኮለሽ?» አላት። «አንድ ሱቅ ቀርቶን ነበር እኮ።»