ግልገሏን የገፋችው በግ

«ከምናገረው አንዲት ቃል ሐሰት ከተገኘባት የባይካል በረዶ ተሰንጥቆ ከነፈረሴ ይዋጠኝ!» አልኩና የወተት ሻዬን ፉት አልኩ። እህቴ ሀንዳ ሞታ ሊያስተዛዝኑን የመጡት ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጎምቦ አፌን ስከፍት በባርጉዚን ሸለቆ የሚጮኽ ውሻ እንኳ ዝም ይላል።

ነገር የጀመርኩት እንዲሁ አልነበረም። አሮጊቷ ጎረቤታችን ኖርዢማ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ለባሏ ስታንሾካሹክ ሰምቻታለሁ።

«ልጅቷን አየሃት? ከከተማ ከመጣች ጀምሮ ሩሲያኛ ብቻ! እናቷን እንኳ በእናቷ ቋንቋ አላለቀሰቻትም።»

የእህቴ ልጅ ባልዢማም ሰምታለች። ሻይ እየቀዳች ነበር፤ አንገቷን ደፋች። ታዲያ አጎት ለመቼ ነው?

«ዛሬ ጠዋት» አልኩ፣ «አንዲት በግ ግልገሏን አላጠባም ብላ ስትገፋው፣ ባልዢማ ጉረኖ ገብታ የእናቷን ዜማ አዜመችላት!»

«ቴጌውን?» አለች ኖርዢማ።

«ምን ሌላ አለ? ቴጌውን ነዋ!»

ሀንዳ በየፀደዩ እንዲህ ካለች በግ አጠገብ ትንበረከክና፣ ግልገሏን እስክትቀበል «ቴኤኤ... ጌ» እያለች ታዜምላት ነበር። ያን ድምፅ ስትስበው ከጉረኖው ተነሥቶ ተራራውን ይዞራል። በዜማዋ መሐል ወተትንም ትጠራለች፤ ሌሎቹ ሞንጎሎች ወተትን በጥርሳቸው «ሱን» ሲሉት እኛ ቡሪያቶች በትንፋሻችን «ሁን» እንለዋለን፤ ከእህቴ አፍ ሲወጣ ግን ትንፋሽ ብቻ ነው የሚለው ማነው? ሙቀቱ ፊት ላይ ይሰማል። በጓ ጆሮዋን ታቆማለች፣ ዓይኗ እንባ ያቀርራል፣ ከዚያ ግልገሉን አሽትታ ታስጠጋዋለች። አንድ ፀደይማ የሦስት መንደር በግ አብሮ አልቅሷል።

ለልጇም ስልክ ስትደውል በቡሪያትኛ ትጠይቃት ነበር፤ ልጅቷ በሩሲያኛ ትመልስላት ነበር። ዓመታት እንዲህ ሄዱ።

«አትቆጪያትም እንዴ?» ብላት፣ «ትሰማኛለች እኮ፤ ይበቃኛል» አለችኝ። ስልኩን ግን ከዘጋች በኋላ ቶሎ ከእጇ አታወርደውም ነበር።

«እና በጓስ?» አለ የኖርዢማ ባል።

«በጓማ ተንበረከከች! ንስሮቹ ክንፋቸውን እንደዘረጉ አየር ላይ ቆሙ! እኔ በዚህ ዓይኔ...»

«አጎቴ።»

ባልዢማ ነበረች። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች መሐል ቤት ቆማለች።

«አላዜምኩም» አለች ቀስ ብላ። «አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ እምቢ አለኝ። በጓ አሁንም እየገፋችው ነው። እርስዎም እዚያ አልነበሩም፤ እንቅልፍ ላይ ነበሩ።»

ኖርዢማ አፏን በመዳፏ ያዘች። እኔም የሻይ ስኒዬን አስቀመጥኩ። ልጅቷ ይህን ሁሉ የተናገረችው በቡሪያትኛ ነበር። ቃላቱ እየተደነቃቀፉ፣ አንዳንዶቹ እንደ ሕፃን ቃል ተሰባብረው ወጡ፤ ግን ቤቱ ውስጥ ሀንዳ የገባች መስሎን የሁላችንም ፀጉር ቆመ።

ኖርዢማ ወደ ባሏ ጠጋ አለችና፣ አጠገቧ የተለቀቀውን ቦታ ለባልዢማ በእጇ ጠረገችላት።