እትዬ ካርታ ባሕር ልታይ ሄደች

ተማሪዎቿ «እትዬ ካርታ» ይሏታል። ዕድሜዋን ሙሉ ጂኦግራፊ ስታስተምር የኖረች፣ ግን ከአገሯ ወጥታ የማታውቅ መምህርት ናት። ስለ ባሕር ስታወራ ልጆቹ ማዕበሉ እግራቸው ሥር የደረሰ ይመስላቸዋል፤ እሷ ግን ባሕር በዓይኗ አላየችም። ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን ሲያንገበግባት ኖሯል።

ስለዚህ መምህራን ውጭ አገር ሄደው ከሰው ቤት እያደሩ፣ ከዚያው አገር መምህራን ጋር አብረው የሚያስተምሩበት ዕድል መውጣቱን ስትሰማ፣ ማንንም ሳታማክር ተወዳደረች። አለፈችም።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዳይሬክተሩ ቢሮው አስጠራት። በዕድሜ እናቱ ትሆናለችና ተነስቶ ወንበር ሳበላት፤ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም ሳይቀር ጠየቃት። ከዚያ ዙሪያ ጥምጥም እየሄደ ጡረታዋ መቃረቡን አነሳ። ዕድሉን ለወጣቱ የእንግሊዝኛ መምህር ብትለቅለት ትምህርት ቤቱ ብዙ ዘመን እንደሚጠቀምበት አስረዳት። ወጣቱ የሚስቱ ወንድም መሆኑን ግን ዘለለው። እሱንማ ዘበኛውም ያውቃል።

«አሁን እርስዎ ውጭ አገሩን አይተውት ምን ይሠራልዎታል፣ እትዬ?»

«አስተምርበታለሁ» አለች። «አልለቅም።»

«እስቲ ያስቡበት።»

«አስቤ ነው የተወዳደርኩት።»

አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ይህን ስትሰማ በዚህ ዕድሜ ከአለቃ ጋር መላተም ምን የሚሉት ነው ብላ ተቆጣች። ስትሄድ ግን ሻንጣዋን ያዘጋጀችላት እሷው ናት፤ እያጉረመረመች፣ ወፍራም ሹራብ ላይ ወፍራም ሹራብ እየደረበች።

እዚያ ውጭ አገር ቤቷ ያሳደረቻት መምህርት እንደ እሷው ጂኦግራፊ የምታስተምር ነበረች። ተማሪዎቿን ከክፍል አውጥታ የየሰፈራቸውን ካርታ እየዞሩ እንዲስሉ ታደርጋለች። አንድ ቀን እንግዳዋን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወሰደቻት። እትዬ ካርታ ጫማዋን አውልቃ እስከ ጉልበቷ ገባች። ውኃው አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ቀዝቃዛ ነበር። ብቻዋን ሳቀች።

ስትመለስ ክፍሏ ከነጂኦግራፊ ትምህርቱ ለዚያው ለዳይሬክተሩ ሚስት ወንድም ተሰጥቶ ጠበቃት። እሷ የተሰባበረ ወንበር የታጨቀበት ቤተ መጻሕፍት ተመደበች፤ እንድታርፍ ተብሎ። ባልደረቦቿ ዝም ብለሽ ጡረታሽን ጠብቂ አሏት። እሷ ግን ሽርጥ አገልድማ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ኮሪደሩ ላይ አወጣች፤ ጥቁር ሰሌዳ ፈልጋ አቆመች። መጽሐፍ ሊዋስ የመጣውን ተማሪ ሁሉ የሰፈሩን ካርታ ስሎ እንዲመጣ ላከችው። በማግስቱ ልጆቹ ካርታቸውን ይዘው፣ ፋርማሲው ከድልድዩ ወዲህ ነው ወዲያ እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ ቤተ መጻሕፍቱ ሞላ።

አንድ ረፋድ የሚስት ወንድሙ ራሱ በሩ ላይ ቆመ። አንገቱን ደፍቶ፣ ልጆቹ ስለ ባሕር ሞገድ የሚጠይቁት እንዳስጨነቀው ነገራት። አፏ ላይ የመጣውን መራራ ቃል ዋጠችና ከልጆቹ ጋር እንዲቀመጥ ቦታ አሳየችው።

ዳይሬክተሩ ደርሶ የሚስቱን ወንድም ያገኘው እንዲያ ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ሲጽፍ ነው። የዳይሬክተሩ ፊት ተለዋወጠ።

«ይህን ማን ፈቀደልዎት?»

«ማንም።»

ለበላይ እንደሚያመለክት ነገራት።

«ያመልክቱ» አለችና ጠመኔዋን አነሳች። «በሩን ግን አይዝጉት። ገና የሚመጡ ልጆች አሉ።»