የእታገኝ ድድ

እታገኝ መቁረብ ካቆመች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። ለጠየቃት ሁሉ «ጉልበቴ ቅዳሴ መቆም እምቢ አለኝ» ትላለች። ልጇ ማዕዶትም አምናት ነበር፤ ከቤታቸው እስከ የካ ሚካኤል ያለው ዳገት የዋዛ አይደለምና።

አንድ ቅዳሜ ማዕዶት የእናቷን መስኮት ስትወለውል ለፋሲካ የገዛችላትን የጥርስ ብሩሽ እንደታሸገ አገኘችው።

«እማዬ፣ ይሄ ምነው?»

እታገኝ አንገቷን ደፋች። «ሲነካ ድዴ ይደማል። የሚደማ ሰው ደግሞ አይቆርብም። ካልነካሁት ይደርቃል ብዬ ተውኩት።»

«ደረቀ?»

«ምኑ ይደርቃል፣ ትራሴን ሳይቀር ያበላሸዋል።»

ማዕዶት ጉርድ ሾላ ጥርስ ክሊኒክ ነው የምትሠራው። የስንቱን አፍ ስታይ ውላ የእናቷን አለማየቷ ቆጫት። ወደ ብርሃኑ አስጠጋቻትና አፏን እንድትከፍት ለመነቻት።

«አንቺ ልታዪኝ? ጥርስ ስታወጪ ድድሽን ስዳስስ የከረምኩት እኔ ነኝ እኮ።»

«እሺ፣ አሁን ተራው የኔ ነው።»

ድዷ ቀልቶ አብጧል። ማዕዶት ቀስ ብላ አስረዳቻት። አፍ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ብዙ ተሕዋስያን አሉ፤ ምላስ የተመቸው ምላስ ላይ፣ ጉንጭ የተመቸው ጉንጭ ላይ ይኖራል። አብዛኞቹ ክፋት የላቸውም። አየር የማይወዱት ግን ጥርስና ድድ መሃል ይሸሸጋሉ። ቆሻሻው ካልተነሣ እዚያው ይራባሉ፤ ድድ የሚቆጣውም የሚደማውም ያኔ ነው።

«እኔ ስጾም እነሱ ይበላሉ በይኛ» አለች እታገኝ።

ሰኞ ክሊኒክ ወስዳ ከድዷ ሥር የተጋገረውን አጸዳችላት። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ከእራት በኋላ ጥርሷን ትቦርሽላትና ድዷን በነጭ ፋሻ ታብሳለች።

«ቀላ?» ትላለች እታገኝ ዓይኗን ጨፍና።

«ትንሽ።»

«ከትናንቱስ?»

«ከትናንቱ ይሻላል።»

በሰባተኛው ሳምንት ፋሻው ነጭ እንደሆነ ወጣ። ማዕዶት ድዷን ደግማ አበሰች፤ ያው ነው። ፋሻውን እናቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችላት። እታገኝ እያገላበጠች ብዙ አየችው።

«ለንስሐ አባቴ ደውይልኝ» አለች።

ለእታገኝ የቀራት ዕድሜ አራት ወር ብቻ እንደሆነ ሁለቱም አያውቁም ነበር። እሑድ ቆርባ ስትወጣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነበር፤ የቆረበ ሰው ወዲያው አያወራም። እታገኝ የማዕዶትን እጅ ያዘች፤ ቁልቁለቱን ወርደው ቤት እስኪገቡም አልለቀቀቻትም።