የማሙሸት ፈረስ

«ፈረሱ የታለ?»

እትዬ በለጥሻቸው ድንኳኑ መሃል ቆመው ይህን ሲጠይቁ ንፍሮ ሲቆረጥም የነበረው ሁሉ አፉን ያዘ። ሴትዮዋ የሟቹ የማሙሸት ታላቅ እህት ናቸው። ከጉመር እስኪደርሱ ቀብሩ አልፎባቸዋል። መንገዱን ሙሉ ሲያለቅሱ መጥተው፣ እዚህም ደረታቸውን ሲደቁ ቆይተው፣ ገና ትንፋሻቸው መለስ ሲል ዓይናቸው ድንኳኑን ከዳር እስከ ዳር አሰሰና የጎደለውን አገኘ።

«የፈረሰኛ ልጅ ሞቶ ፈረሱ ለቅሶውን ሳይዞር? አባታችን ያረፈ ጊዜ ዳማው ፈረስ ኮርቻው ላይ ጥቁር ጣል ተደርጎለት፣ ባልንጀራው እየሳበው ዞሯል። አገር ነው ያለቀሰው! ወንድሜ ምን አጠፋ?»

«እትዬ፣» አለ አብደላ ቀስ ብሎ። አብደላ በርበሬ በረንዳ ሲነግድ ያረጀ ሰው ነው፤ ከማሙሸት ጋር በየእሑዱ ሞተር ይነዳ ነበር። «መርካቶ ውስጥ ፈረስ ከየት ይመጣል? ማሙሸት የነበረው ሞተር ነው።»

«ታዲያ እሱን አምጡታ!»

አንዳንዱ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ለቅሶ ቤት የመጣ ሳቅ እንደ ማስነጠስ ነው፤ ቢይዙት ይብሳል። የእድሩ ዳኛ ግን አልሳቁም።

«እውነታቸውን ነው፤» አሉ። «ነገ ሰልስቱ ነው። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ሞተሩ ይዙር። በባልንጀራው እጅ ከተባለ ደግሞ ባልንጀራውን እናውቀዋለን።»

ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ዞረ። ጥጉ ላይ ዘውገ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ተቀምጧል። ጫማ ተራ ሲነግድ ኖሮ ሱቁን ለልጁ ያስረከበ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ነው። ከማሙሸት ጋር ከወንደላጤነታቸው ጀምሮ አንዱ የአንዱን ጭስ እየሸተተ ሞተር ነድተዋል። ዘውገ ሁልጊዜ ከፊት፣ አጭሩ ማሙሸት ሁልጊዜ ከኋላ።

«እኔ እንኳ…» አለ ዘውገ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ልጄ ሞተር አጠገብ እንዳልደርስ ከልክላኛለች።»

መቼስ ቀን ሲጥል አንድ ላይ ነው፤ ልጁ ሰብለ ወንጌል ሻይ የተደረደረበት ትሪ ይዛ እዚያው ቆማ ኖሯል።

«አንቺ ነሽ?» አሉ እትዬ በለጥሻቸው ወደ እሷ ዞረው። «አባትሽን ምነው ከለከልሽው?»

«እኔ?» ሰብለ ክው አለች። «እኔ ምን አደረግኩ? አባዬ ሞተሩን የሸጠ ዕለት ያለቀስኩት እኔ አይደለሁ እንዴ!»

አሁን ማንም አልሳቀም፤ ይህ ደግሞ ከሳቁ ይብስ ነበር። ዘውገ ከዘራውን ተመርኩዞ ተነሳና ወጣ።

ከጭድ ተራ ጀርባ ያለችው ጠባብ መንገድ በድንኳኑ ምክንያት ለመኪና ተዘግታለች። ሸክም የያዙ ሰዎች ብቻ ያልፋሉ፤ ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ «ዞር በሉ!» ማለቱን ትተው በዝምታ ይሹለከለካሉ። ዘውገ ግድግዳውን ተደግፎ ግራ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገው።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት ሲኒማ ራስ አጠገብ ነው። መንገዱ ተጨናንቆ ሞተሩን በእግሮቹ መሃል ይዞ ቆሟል። ቆሟል! ሲበር ወድቆ ቢሆን ወግ ነበረው። ግራ ጉልበቱ ድንገት ክድት አለውና ሞተሩ ዘመም፣ ዘመም ብሎ ከነባለቤቱ ተጋደመ። የሚኒባስ ወያሎች ሮጠው አነሱት። «አይዞን ፋዘር! ይበርቱ ፋዘር!» አሉት አቧራውን እያራገፉለት። ከጉልበቱ ይልቅ ያ «ፋዘር» ነው ያመመው። ስንት ጎረምሳ አቧራውን ያስቃመ ዘውገ ቆሞ ወደቀ። ሳምንት ሳይሞላው ሞተሩን ሸጠና ለጠየቀው ሁሉ «ልጄ ከለከለችኝ» አለ።

ያላመነው ማሙሸት ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ ቀደም ብሎ ስትሮክ መትቶት ግራ እግሩ ይጎተታል። የሞተር መለዋወጫ ሱቁን ከፍቶ ሲተክዝ ከርሞ፣ አንድ ቀን ሞተሩን እያስገፋ ምናለሽ ተራ ወሰደውና ከበያጆቹ ጋር መዶለት ጀመረ። ሲመለስ ሞተሩ ከኋላ ሁለት ጎማ አብቅሏል። ኮርቻው ዝቅ፣ መሪው ከፍ ብሏል፤ በግራ እግር የሚረገጠው ማርሽ በብረት ዘንግ ወደ እጅ መጥቷል። አንድ ቀን ጠዋት ፊቱ በርቶ ዘውገ ቤት ሄደ።

«ላንተም እንዲህ እናሠራልህ፤» አለው። «አጥንት ባይታዘዝ ብረት ይታዘዛል።»

«በስተርጅና ባጃጅ ልንዳልህ?»

«ከዘራ ይዘህ በሦስት እግር ትሄድ የለም እንዴ? ለመራመድ ያላፈርክ ለመንዳት ታፍራለህ?»

«ሀፍረት ለማያውቅ ሰው ይሄ ሁሉ ይቀላል።»

ማሙሸት ባርኔጣውን አነሳና «ደህና ዋል» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አብደላን፣ ወገቡ የተያዘውን ኢስሐቅን፣ ሌሎችንም ሽማግሌዎች ሰብስቦ በየእሑዱ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል መንዳት ጀመረ። ጣቶቹ በቁርጥማት የተቆለመሙት አብደላ ትልቁን ሞተሩን ሸጦ በእጅ የሚጨበጥ ፍሪሲዮን የሌላት ቀላል ሞተር ገዛ። ኢስሐቅ ኮርቻው ላይ ወፍራም ስፖንጅ አሰፋ። እየነዱ፣ እያረፉ፣ ሻይ እየጠጡ፣ እንደገና እየነዱ ይውላሉ። ማሙሸት በዘውገ ደጅ ሲያልፍ ጥሩንባውን ይነፋል፤ ዘውገ ብርድ ልብሱን ይከናነባል። እንዲህ እንዳሉ ነው ማሙሸት ሐሙስ ሌሊት በተኛበት የቀረው።

ይህን ሲያስብ ዘውገ ቆጨው። ቆጨው ብቻ አይደለም፣ አንገበገበው። ዕድሜ ልክ ወንድሙ የነበረውን ሰው አንድ እሑድ እንኳ መስኮት ከፍቶ «እንዴት አደርክ» አላለውም።

ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት አጠገቡ መጥታ ቆመች። የማሙሸት ሚስት አስናቀች ናት። ሴቶቹ ከፍራሹ ላይ እንዳትነሳ ቢሏትም የምትሰማ ሴት አይደለችም።

«ጋሽ ዘውገ፣ ይምጡ እስቲ።»

ወደ ግቢው አስገባችውና ጥግ ላይ የተሸፈነውን ሸራ ገለጠችው። ሞተሩ ተወልውሎ ቆሟል። ዘውገ ያን ዕለት ደጁ ድረስ ሲመጣለት እንኳ ወጥቶ ስላላየው፣ በቅርብ ሲያየው ገና ዛሬ ነው።

«ነገ ከወደቅኩስ?» አለ ሳያስበው። «ያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት ከወደቅኩ፣ የሱን ለቅሶ መሳቂያ ማድረጌ አይደለም?»

«እሱስ አይፈራም ነበር ብለው ነው?»

«እሱማ ሀፍረትም ፍርሃትም አያውቅ!»

አስናቀች በለቅሶ ያበጠ ዓይኗን አፍጥጣ አየችውና፣ ሳቅም ለቅሶም የሆነ ነገር አፈናት። «እንዴት ያለ ነገር ነው የሚሉት! ይሄን ሞተር መጀመሪያ ይዞ የወጣ ዕለት ምን ሆኖ እንደወጣ ያውቃሉ? ሊነጋጋ ሲል፣ የኔን ሻርፕ ፊቱ ላይ ጠምጥሞ ነው! ዓይኑ ብቻ ነው የሚታይ። "አስናቁ፣ ማንም እንዳያውቀኝ" ብሎኝ። መታጠፊያው ጋ ጎማው ቦይ ገባና አምላኩን ጠራ፤ ድምፁን ማን ይስተው? ዳቦ ቤት የተሰለፈው ሁሉ "ጋሽ ማሙሸት ነው! ጋሽ ማሙሸት ነው!" አለ። ቤት ገብቶ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ እዚች ደረጃ ላይ ተቀምጦ።»

«ማሙሸት?»

«ማሙሸት። ሲወጣለት ዓይኑን ጠረገና "እንግዲህ አንዴ ታውቄያለሁ" ብሎ ያለ ሻርፕ ተመልሶ ወጣ። እርስዎ ቤት የመጣው የዚያኑ ዕለት ነው።»

ዘውገ እጁን ኮርቻው ላይ ጣል አደረገ። ሀፍረት ለማያውቅ ሰው ይቀላል ያለው እንግዲህ ያንኑ ዕለት፣ እንባው ገና ሳይደርቅ ለመጣ ሰው ነው። እንባው መጣ፤ በለቅሶ ቤት እንባ የሚደብቅ የለምና ለቀቀው። አስናቀች አጠገቡ ቆማ አብራው አለቀሰች።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፀሐዩ ወጥቷል። እሑድ በመሆኑ ሱቆቹ ተዘግተዋል። እነኢስሐቅ ሞተሮቻቸውን ግድግዳ ለግድግዳ አሰልፈው ጠበቁ። የማሙሸት ሞተር ከግቢው ወጣ፤ ኮርቻው ላይ አስናቀች ጥቁር ሻርፕ አሥራለች። ዘውገ መሪውን ያዘ፣ አብደላና ኢስሐቅ ከኋላ ገፉ፤ ፈረስ እንደሚሳበው ሊስቡት ነው።

ግን ፈረስ በገዛ እግሩ ይሄዳል። ይሄ ብረት ነው፤ መንገዱ ደግሞ ዳገት አለው። ሦስት ሽማግሌዎች እያለከለኩ ድንኳኑን እኩሌታ ሳያዞሩት ቆሙ። የአብደላ ቆብ ወደቀ። ኢስሐቅ ወገቡን ይዞ «ወይ አንተ ማሙሸት፣ ሞተህም ታስገፋናለህ!» አለ።

«ፈረሱም ሞቷል እንዴ?» አሉ እትዬ በለጥሻቸው። «ድምፁ የታለ? ሳያሽካካ ነው የሚዞረው?»

አብደላ ላቡን ጠረገና ወደ ዘውገ ዞረ። «እውነታቸውን ነው፤ ሞተሩ መነሳት አለበት። እኔ እንዳልወጣ ጣቴ ፍሪሲዮን አይጨብጥም። የኢስሐቅን ወገብ ታየዋለህ። ያንተ እጅ ጤነኛ ነው፤ ጉልበትህን ደግሞ ይሄ ሞተር አይፈልገውም።»

ዘውገ ሰውን ሁሉ አየ። ድንኳኑ ደጅ ላይ ሰብለ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆማለች። ከዘራውን ሰጣት።

«በዚህ፣ በዚህ፤» አለው አብደላ። «እግርህን እዚች መርገጫ ላይ አድርግ። ለራሱ ያሠራት ናት።»

ዘውገ ወጣ። ሞተሩ ንቅንቅ አላለም፤ እንደ በርጩማ ረግቶ ተቀበለው። ቁልፉን ሲያዞረው ተነሳ። ያ ድምፅ በተሰማ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች በአንድ ጊዜ እሪ አሉ፤ በየእሑዱ የሚያውቁት ድምፅ ነው። ዘውገ ፍሪሲዮኑን ያዘ፣ ማርሹን በእጁ ሳበ፣ ቶሎ ለቀቀውና ሞተሩ ተንዘፍዝፎ ጠፋ።

ፊቱ ጋለ። «አይዞን ፋዘር!» የሚል ሰው ጠበቀ። አንድም ሰው አላለም።

«የኔም መጀመሪያ ጠፍቶብኛል፤» አለ ኢስሐቅ። «ቀስ ብለህ ልቀቀው።»

ቀስ ብሎ ለቀቀው። ሞተሩ ወደፊት ሄደ። ዳገቱን ወጣ፣ ድንኳኑን ዞረ፣ ቀጥሎ እነአብደላም ሞተሮቻቸውን አስነስተው ተከተሉት። እትዬ በለጥሻቸው ነጠላቸውን አሸርጠው ከፊት ከፊት እየዘለሉ ደረታቸውን መቱ። «የፈረሱ ስም ማነው? በስሙ ላልቅስለት! አባ ማን ልበለው?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ስም ያወጣለት የለም።

«አባ ሦስት እግር!» አለ ዘውገ ከኮርቻው ላይ ጮክ ብሎ። «ማሙሸት፣ አባ ሦስት እግር!»

«ማሙሸት፣ አባ ሦስት እግር!» ተቀበለው ሠፈሩ። ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ መንገድ አላፊው ሳይቀር እየደገመ አለቀሰ። የዘውገም እንባ ጉንጩ ላይ ወረደ፤ ጠረግ የሚያደርግበት እጅ ግን አልነበረውም፤ አንዱ መሪ ይዟል፣ አንዱ ማርሽ።

ድንኳኑ ሲፈርስ፣ ሰው ተሰናብቶ ሲያልቅ፣ ዘውገ ቁልፉን ለአስናቀች መለሰላት። እሷ ቁልፉን መልሳ መዳፉ ላይ አድርጋ ጣቶቹን አጠፈችለት።

«ሳይነዱት ከቆመ ባትሪው ይሞታል። ይውሰዱት።»

«አስናቀች፣ ይሄማ አይሆንም…»

«እሑድ እሑድ በደጄ ሲያልፍ ልስማው እንጂ እኔ ምን አደርገዋለሁ? እናንተም ይህን ነገር እንዳትተውት። እሱ ሞተ ብላችሁ ቤት እንዳትቀመጡ።»

«ማን ይቀመጣል?» አለ ኢስሐቅ። ዘውገ ደግሞ አብደላን አየውና፣ «በስንት ሰዓት ነው የምትወጡት?» ሲል ጠየቀው። አብደላ ማለዳ ነው አለው።

እንደገና በመርገጫዋ ወጣ። ሰብለ ከኋላ ከዘራውን ይዛ ተቀመጠች። አብደላ ሊሰናበተው ጠጋ ሲል ዓይኑ መሪው ላይ ያለው መስታወት ላይ ወደቀ።

«ይሄ እኮ ለማሙሸት ቁመት የተስተካከለ ነው። አንተ በዚህ ምን ይታይሃል? ቆይ ላቅናልህ።»

እጁን ሲዘረጋ ዘውገ ያዘው።

«ተወው።»

«መንገድ እኮ ነው፣ ሰውዬ!»

«ተወው አልኩህ፤ ይታየኛል።»

ረጅም አንገቱን ሰበር፣ ትከሻውን ዝቅ፣ ዝቅ አደረገ፤ ድንኳኑ የነበረበት ቦታና ደጇ ላይ የቆመችው አስናቀች መስታወቱ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ። ከዚያ እንደ አጭር ሰው አጎንብሶ ማርሹን ሳበና ቀስ ብሎ ሄደ።