ለምርቃናው አሜን

ዮሲ የሰጠኝ ቴአትር ውስጥ ማንም ሰው ምንም ነገር አይናፍቀውም። አንድ ወጣት መርፌ ይወጋል፣ እናቱ ታለቅሳለች፣ ሐኪም መጥቶ ይመክራል፣ ወጣቱ ይሞታል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ተሰልፈው «ለሳሚም እምቢ በሉ» ይላሉ። ሳሚም በዕብራይስጥ አደንዛዥ ዕፅ ማለት ነው።

ዮሲ በቂርያት ጋት ከተማ ማትናስ፣ ማለትም በሕዝብ ማዕከሉ፣ የባህል ዝግጅት ኃላፊ ነበር። ከኢትዮጵያ ለመጣን ሰዎች ስለ ሳሚም በገዛ ቋንቋችን ትምህርት ይሰጥ የሚል ትእዛዝ ከኢየሩሳሌም ደርሶታል። መጀመሪያ በወረቀት ታትሞ ተበትኖ ነበር፤ ሰዉ መስኮት ጠረገበት። ስለዚህ ቴአትር ይሁን ተባለ። እኔ ደግሞ ዕብራይስጡን ቶሎ ስለያዝኩና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እስከ መጨረሻው ዓመት ስለተማርኩ፣ ጽሑፉን ተርጉሚው አለኝ።

«ስንት ሳምንት ይበቃሻል?»

«ከሰዓት በኋላ ና» አልኩት።

ትርጉሙ በቀኑ አለቀ። ችግሩ ተዋናይ ነበር።

አንሙትን ያገኘሁት ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ካለ የክር ፋብሪካ በር ላይ ነው። ጎንደር ሳለ የኪነት ቡድን ውስጥ ይጫወት እንደነበር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ያልነገረው ሰው የለማ። ከፈረቃው ሲወጣ ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ ነበር። ጽሑፉን እዚያው ቆሞ አነበበና መለሰልኝ።

«ይኼ ቴአትር አይደለም፤ የቀበሌ ሪፖርት ነው።»

«አንተ የቀበሌ ቴአትር አይደል እንዴ ስትጫወት የኖርከው?»

«ለዚህ እኮ ነው ሳየው የማውቀው፣ እሜቴ ዩኒቨርሲቲ።»

ዮሲ ያለኝን ነገርኩት። መጀመሪያ እዚህ ይታያል። ከተወደደ በጋውን ሙሉ በየካራቫን ሰፈሩ ይዞራል። ለሚጫወተው ሰው ከፋብሪካው ፈቃድ ይጠየቅለታል። ካራቫን ሰፈር የምንለው መኖሪያ ቤት ያልደረሳቸው ወገኖቻችን የሰፈሩበት፣ የቆርቆሮ ሣጥን የመሰሉ ቤቶች በሜዳ ላይ የተደረደሩበት ቦታ ነው።

አንሙት ጽሑፉን ከእጄ መልሶ ወሰደው።

«በየሰፈሩ?»

«በየሰፈሩ።»

«እዚህ ውስጥ ማሽኑ ይጮኻል» አለ በአገጩ ወደ ፋብሪካው እያሳየ። «ብናገር ብዘፍን የሚሰማኝ የለም። እዚህ አገር ከገባሁ ወዲህ ተናግሬ ሰው ቀና ብሎ አላየኝም።» ሊቀልድ ነበር የጀመረው። መጨረሻው ላይ ግን ቀልዱ ጠፋበት።

ልምምዱን ከፈረቃው በኋላ በማትናሱ አዳራሽ ጀመርን። እናትና ሐኪም የሚሆን ሰው ስላልተገኘ ሁለቱን ቆርጬ አወጣኋቸው፤ አንሙት ብቻውን ቀረ። መርፌውን ግን አልቻለበትም። በእስክሪብቶ ክንዱን ይወጋና ቆሞ ያየኛል።

«ይኼ ልጅ ከወጋ በኋላ ምን ይሰማዋል?»

«አልተጻፈም።»

«ታዲያ ምን ልጫወት?»

«መሞት ተጫወት።»

«መሞትማ ማንም ይችላል።»

እውነት ለመናገር መርፌ የሚወጋ ሰው እሱም እኔም አይተን አናውቅም። የምናውቀው ጫት ነው። አንሙት ከጎንደር ወርዶ ወደዚህ የሚልከው ኤምባሲ እስኪጠራው አዲስ አበባ ሲጠብቅ፣ ሥራም መሄጃም ስላልነበረው ከሰዓት በኋላውን ከአከራዩ ልጅና ከጓደኞቹ ጋር ሲቅም ነበር የሚያሳልፈው። እኔ አልቅምም፤ ግን የፈተና ሰሞን ዶርማችን ውስጥ የጫት ቅርንጫፍ በመጥረጊያ ነበር የሚወጣው።

አንድ ቀን ወጣ አለና ከማትናሱ አጥር ላይ ቅጠል ቀጥፎ ተመለሰ። መድረኩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ፤ አንድ ጉልበቱን አቆመ፤ ቅጠሉን አንድ በአንድ እየመረጠ ይቀነጥስ ጀመር። ምንም ሳይናገር አዳራሹ ክፍል ሆነ። ፍራሽ ያለበት፣ መስኮቱ የተዘጋ፣ ብዙ ሰው የተቀመጠበት ክፍል።

«አየሽ፣ መጀመሪያ ወሬ ነው» አለ። «ማንም ማንንም አያስጨርስም። ከዚያ ምርቃናው ሲመጣ ሰው ሁሉ ሀብታም ይሆናል። አንዱ ፎቅ ይሠራል፣ አንዱ ታክሲ ይገዛል፣ አንዱ የሄደች ሚስቱን ያስታርቃል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሁሉም ዝም። ፎቁም የለ፣ ሚስትም የለች።»

«አንተስ ምን ትሠራ ነበር?»

«እኔ አያለችን አመጣት ነበር።» አያለች እኅቱ ናት፤ ጎንደር ቀርታለች። «አንቺስ ማን ቀረብሽ?»

«ልምምዱን ቀጥል» አልኩት።

ዘነበወርቅ ቀርታለች። ታላቄ ናት። በ1983 መንግሥት የዩኒቨርሲቲውን ተማሪ እየሰበሰበ ወደ ጦር ማሠልጠኛ ሲልክ ጓዳዋ ውስጥ የደበቀችኝ እሷ ነበረች። ባሏ እንደኛ አይሁዳዊ ሳይሆን ክርስቲያን ስለሆነ ከሚሄዱት ጋር አልተቆጠረችም። እኔ አውሮፕላን ገባሁ፣ እሷ ቀረች፤ ይኸው ነው። ናፈቀኝ እያለ ግድግዳ ተደግፎ የሚውል ሰው ትዕግሥቴን ስለሚጨርሰው እኔም ስለሷ አላወራም።

መርፌውን አውጥቼ ጫት አስገባሁ። ምርቃናው፣ ፎቁ፣ ዝምታው፣ ሁሉም ገባ። በጫት የሞተ ሰው ባላይም፣ ዮሲ ሞት ስለሚፈልግ ሞቱን አልነካሁትም። ዮሲ አንድ ልምምድ ላይ ብቅ ብሎ «ቅጠል ነው?» አለኝ። ቅጠል ነው አልኩት። ሐሺሽ መስሎት መሆን አለበት፣ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

የዝግጅቱ ቀን አዳራሹ ሞላ። ፊት ለፊት ቄሱና ሽማግሌዎቹ፣ ከእነሱ ቀጥሎ ነጭ የለበሱት እናቶች፣ ከኋላ ደግሞ ወጣቶቹ ተቀመጡ። እኔ አንሙት ቢረሳ ላስታውሰው ጽሑፉን ይዤ የፊተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ነበርኩ። አጠገቤ የሕንጻችን ጎረቤት እማማ ታይቱ ነበሩ።

አንሙት ገባ፣ ተቀመጠ፣ ቅጠሉን ቀነጠሰ። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አላመጠ። ከዚያ ፊቱ በርቶ ቀና አለ።

«መርቅኛለሁ» አለ።

«አሜን» አሉ እማማ ታይቱ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው።

የፊተኛው ረድፍ ሁሉ ተከተላቸው። «አሜን።»

እነዚህ ሰዎች ከገጠር የመጡ ናቸው። ጫት በመንደራቸው አልነበረም፤ ምርቃና የሚባል ቃል ሰምተው አያውቁም። የሰሙት ምርቃት ነው። አዲስ አበባ የከረሙት ወጣቶች ከኋላ በሳቅ ፈረሱ። አንሙት አንድ ጊዜ አየኝ። አሁን ይስቅና ሁሉም ነገር ያበቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። እጁን እንደ ሽማግሌ ዘረጋ።

«ነገ ፎቅ እሠራለሁ።»

«አሜን።»

«ሁላችሁም ትገቡበታላችሁ።»

«አሜን፣ አሜን።»

«ደረጃ የለውም። የእማማን ጉልበት አያምም።»

«አሜን፣ የኔ ልጅ» አሉ እማማ ታይቱ፤ እኛ ሕንጻ ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል።

በጽሑፉ መሠረት እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረበት። የምርቃናው ሰዓት አልፎ ፎቁ የሚፈርስበት ቦታ ነው። እሱ ግን ተነሥቶ ቆመ።

«ነገ አያለችን አመጣታለሁ።»

ይኼ እኔ የጻፍኩት አልነበረም። ከኋላ ሳቁ ቆመ። መጀመሪያ አሜን ያለው ከዚያው ሲስቁ ከነበሩት አንዱ ነው።

«የቀረውን ሁሉ አመጣለሁ። ባሏ እንዲህ ነው፣ አያቱ እንዲያ ናቸው የሚል የለም። በር ላይ ቆሞ ስም የሚጠራ የለም።»

አሁን አሜኑ ጮክ ያለ አልነበረም። ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ነበር። አንሙት ሞቱ ትዝ አለውና ወለሉ ላይ ተጋደመ።

«ተነሥ አንተ» አሉት እማማ ታይቱ። «ሰው መርቆ እንዲህ አይዘረጋም።»

ተነሣ። እልልታው ከማትናሱ ውጪ ተሰማ።

ዮሲ በሩ አጠገብ ዓይኑን እየጠረገ አገኘሁት። «እንዲህ ያለ የፀረ ሳሚም ዝግጅት አይቼ አላውቅም» አለኝ። «ምን ሲላቸው ነው አሜን ያሉት?»

ልዋሸው እችል ነበር። ውሸት ግን ተንከባካቢ ይፈልጋል፤ እኔ ለዚያ ጊዜ የለኝም። ቅጠሉ ጫት እንደሆነ፣ ቃሉ እንዴት እንደተምታታ፣ ሰዎቹ ምን ላይ አሜን እንዳሉ፣ ሁሉንም ነገርኩት።

«ጫት?» አለ። «ጋት ማለትሽ ነው?» ሳቀ። ወላጆቹ የመጡት ከየመን ነው። «እናቴ ጓሮ ዛፉ አለ። ዓርብ ዓርብ ትቅማለች። ጎረቤታችን ፖሊስ ነው፣ እሱም መጥቶ ይቀጥፋል። ቅጠሉ እኮ አልተከለከለም።» ከዚያ ሳቁን የራሱ ቃል አቋረጠው። «ቆይ። እንግዲያው ይኼን ይዤ መዞር አልችልም።»

«ለምን?»

«ሕግ ያልከለከለውን ነገር እምቢ በሉ ብዬ? ደግሞም እምቢ አላሉም፣ አሜን ነው ያሉት። ለኢየሩሳሌም ምን ብዬ ልጻፍ? መርፌውን መልሱት። መርፌ ካለ በጋውን ሙሉ ትዞራላችሁ።»

በማግሥቱ ለአንሙት ፋብሪካው በር ላይ ነገርኩት።

«መርፌ ይዤ ማን አሜን ይለኛል?» አለ።

«ማንም።»

«አልዞርም ብልስ?»

«ክር ትፈትላለህ።»

ትንሽ ሄድን። «ጋት ነው ያለው?» አለ። «ቂርያት ጋት የጫት ከተማ ናታ። ጫት ከተማ አምጥተው አስቀምጠውኝ ክር ያስፈትሉኛል።»

«የወይን መጭመቂያ ማለት ነው» አልኩት።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ።»

ዓርብ ዕለት ዮሲ ወደ እናቱ ቤት ይዞን ሄደ። ዛፉ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ከልብስ ማስጫው ገመድ አጠገብ በቅሏል። እናቱ በሻርፕ የተጠቀለሉ ቀጭን ሴት ናቸው። ለአንሙት አንድ ጭብጥ ለጋ ለጋውን ቀጥፈው ሰጡትና የራሳቸውን ይዘው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። አንሙት መሬት ላይ ግንቡን ተደግፎ ተቀመጠ፤ አንድ ጉልበቱን አቆመ። ልክ መድረኩ ላይ እንደነበረው። ቃመ። ሴትዮዋም ቃሙ። ዶሮ ብቻ ነበረች የምታወራው።

«እሺ?» አልኩት። ሰንበት ሳይገባ የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጠን እያሰብኩ ነበር።

«ቅጠሉ ራሱ ነው።»

«መረቀንክ?»

«እንጃ።»

«ፎቁን ሥራ እስቲ።»

«ለማን ብዬ?» አለ። ጉንጩ ውስጥ ያለውን አውጥቶ መዳፉ ላይ አየው፤ ከዚያ ሴትዮዋ እንዳያዩት ከጀርባው ጣለው። የተረፈውን ቅጠል አልጣለም። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። እኔም ለአውቶቡሱ አላጣደፍኩትም።

ወደ ቤት ስንመለስ መስኮት መስኮቱን እያየ «መርፌውን እጫወተዋለሁ» አለ። «ከመሞቴ በፊት ግን አንድ መስመር ትተዪልኛለሽ።»

የትኛውን አልጠየቅኩትም። ቤት ገብቼ ጻፍኩት። ለዮሲ በዕብራይስጥ «እዚህ ጋ ወጣቱ ቤተሰቡን ያስባል» ብዬ ገለጽኩለት። ዮሲም ጥሩ ነው አለ።

የመጀመሪያው ካራቫን ሰፈር ጥላ የሌለው ሜዳ ነበር። የስብሰባው ቤት ቆርቆሮው ግሏል። ሰዎቹ አያውቁንም፤ የመጡትም ማራገቢያ ስላለ ነው። አንሙት መርፌውን አውጥቶ ክንዱን ወጋ። ወሬው አልቆመም። አንዷ ልጇን ትቆጣለች፣ አንዱ ስለ ቤት ድልድል ይከራከራል። አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት ጆሯቸው አይሰማም፤ በየመሀሉ «ምን አለ ልጄ?» ይሉኛል። አመመው አለ፣ ደከመው አለ እላቸዋለሁ።

መስመሩ ጋ ደረሰ። አንሙት መርፌውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«ነገ አያለችን አመጣታለሁ» አለ።

ማንም አልመለሰለትም። የሚቀጥለው ሞቱ ነው። አልሞተም። ቆሞ ቀረ፤ በር አንኳኩቶ እንደሚጠብቅ ሰው ሕዝቡን ያያል። ዮሲ ከማዶ በእጁ ምልክት ሰጠኝ፤ ረስቷል፣ ንገሪው ማለቱ ነው። አልረሳም። ጽሑፉን ጉልበቴ ላይ ዘጋሁት። ወሬው ቀስ በቀስ ቆመ፤ ማራገቢያው ብቻ ቀረ።

«ምን አለ ልጄ?» አሉ አሮጊቷ።

«ነገ ዘነበወርቅን አመጣታለሁ አለ» አልኳቸው፣ እንዲሰማቸው ጮክ ብዬ።

ያልኩት ለኔም የተሰማኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ላርመው ዞር ስል አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው ነበር።

«አሜን» አሉ።

ከኋላቸው ያለው ረድፍ ተቀበለ፤ ከዚያም የሚቀጥለው። አንሙት ወደኔ አየ። እስከዚያች ቀን ማንን ትቼ እንደመጣሁ አልነገርኩትም ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ ተጋደመና ሞተ።